ቁመትና የአብራሪ ክፍል፦ ረጅም ሰው ለባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን እንዴት ይለካል?



የዛሬው ርእሴ ሲሰማ የቅንጦት ጉዳይ ይመስላል። «ለረጅም አብራሪ የሚመቸው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ድሎት የፈለገ ይመስለናል። በአብራሪ ክፍል ውስጥ ግን ምቾት የምንለው ነገር በሦስት ችሎታዎች ይገለጻል፤ እነርሱም መቆጣጠሪያዎችን እስከ መጨረሻ ወሰናቸው ማንቀሳቀስ፣ ውጭውን ሳይጎነበሱ ማየት እና አደጋ ሲደርስ ፈጥኖ መውጣት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሚጎድለው ድሎት ሳይሆን ደኅንነት ነው።

ልዩነቱን ሁላችንም በምናውቀው መንገድ ላይ ልናየው እንችላለን። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ የሚወርድ ረጅም ተሳፋሪ፣ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር እየተፋተገ ኮምቦልቻ ቢደርስ ጉዳቱ ድካም ብቻ ነው። የሹፌሩ ጉልበት መሪውን ቢያግደው ግን ጉዳቱ የሁሉም ነው። አብራሪን የምንለካው እንደ ሹፌሩ እንጂ እንደ ተሳፋሪው አይደለም።

ወደ በረራ ማሠልጠኛ ለማመልከት የሚያስቡ ረጃጅም ተማሪዎች አልፎ አልፎ ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸውም «ቁመቴ ይከለክለኛል ወይ?» የሚል ነው። መልሴ ሁልጊዜ «ተቀመጥና እንለካ» ነው። ቁመት ጫማ ተወልቆ፣ ቆሞ ይለካል፤ አውሮፕላን የሚነዳው ግን ተቀምጦ ነው። እያንዳንዳቸው 1.88 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ወጣቶችን እናስብ። የአንደኛው ርዝመት ከወገቡ በላይ ነው፤ ሲቀመጥ ራሱ ጣሪያውን ይነካል። የሁለተኛው ርዝመት እግሩ ላይ ነው፤ ከራሱ በላይ ክፍት ቦታ ይተርፈዋል፣ ጉልበቱ ግን ከመሣሪያዎቹ ሰሌዳ ሥር ይጣበቃል። መታወቂያቸው ላይ የሚጻፈው ቁመት አንድ ነው፤ የሚሆናቸው አውሮፕላን ግን ይለያያል።

በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ጊልበርት ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዳንኤልስ የ4,063 አብራሪዎችን ልክ በ10 የሰውነት መጠኖች መርምሮ፣ በአሥሩም «አማካይ» ሊባል የሚችል አንድም ሰው አላገኘም። ለአማካይ ሰው የተሠራ ክፍል ለማንም በትክክል አይሆንም ማለት ነው። መፍትሔውም የሚስተካከል ወንበርና የሚስተካከል ፔዳል ነው።

ነገሩ እኛን በተለየ መንገድ ይመለከተናል። በሰውነት ልኬት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ እግር ከጠቅላላው ቁመት የሚይዘው ድርሻ ከአውሮፓውያን ይልቅ በአማካይ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ አውሮፓዊ ረጅም አብራሪ «የዚህ አውሮፕላን ጣሪያ ዝቅ ይላል» ብሎ የሰጠው ምክር ለእኛ ልጅ ላይሠራ ይችላል፤ የእኛን ልጅ ይበልጥ የሚያሰጋው ጉልበቱ ነው። በዚህ ኢንስቲትዩት ያላችሁ የአልባሳት ምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ከውጭ የመጣ የልክ ሠንጠረዥ ትከሻው ልክ ሆኖ እጅጌው ሊያጥር ይችላል።

አሁን አውሮፕላኖቹን እናወዳድር። ሴስና 150 እና ተከታዩ ሴስና 152 ክንፋቸው ከላይ የሆነ፣ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን የሚያስቀምጡ አውሮፕላኖች ናቸው። የውስጥ ስፋታቸው አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ሰው ትከሻ የሚደርሰው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ኩባንያው በ1967ቱ ሞዴል በሮቹን ወደ ውጭ አጎብጦ ለክርን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል የጨመረው ይህን ጥበት በማየት ነው። ወንበሩ በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት እግረ ረጅሙ ጥቂት ዕፎይታ ያገኛል። ይሁን እንጂ ጉልበቱ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ መሪው ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ሲዞር ጭኑን ሊነካ ይችላል። ይህ በጎን ነፋስ በሚያርፍበት ጊዜ፣ መሪው በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚያጋጥም ነው። ወገበ ረጅሙ ደግሞ ዓይኑ ከክንፉ ሥር ጋር ስለሚስተካከል፣ ወደ ጎን ለማየት አንገቱን ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል።

ፓይፐር ቶማሆክ ክንፉ ከታች ነው፤ ስፋቱ ወደ 107 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በግራም በቀኝም በር አለው። ለሰፊ ትከሻና ለፈጣን መውጫ የተሻለ ነው።

ዳይመንድ ዲኤ20 ሌላ መንገድ ይከተላል። ወንበሩ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሱት ፔዳሎቹ ናቸው። የመቆጣጠሪያው ዘንግ በሁለቱ ጭኖች መካከል ስለሚቆም ጉልበት የሚያግደው መሪ የለም። እግረ ረጅሙ እዚህ ይመቸዋል። ወገበ ረጅሙ ግን ወንበሩን ዝቅ ማድረግ ስለማይችል የጆሮ ማዳመጫው ከመስተዋት ጣሪያው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ጭነ ወፍራሙም ዘንጉ ወደ ጎን እስከ መጨረሻው መሄዱን ማረጋገጥ አለበት።

እንደ ፓይፐር ሱፐር ከብ እና ሲታብሪያ ባሉት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ፊትና ኋላ ሆነው ይቀመጣሉ። የትከሻ ሽሚያ አይኖርም። በአንጻሩ ከፊት የተመቸው ሠልጣኝ ካለ ከኋላ የሚቀመጠው አስተማሪም ለብቻው መለካት አለበት።

እስካሁን ያወራነው ስለ ርዝመት ነው፤ ርዝመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ክብደትን ይዞ ይመጣል። የሴስና 152 ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 757 ኪሎ ግራም ነው። የባዶውን ክብደት 520 ኪሎ ግራም፣ ሙሉ ነዳጁን 67 ኪሎ ግራም ብለን ብንይዝ ለሁለት ሰዎች የሚቀረው 170 ኪሎ ግራም ነው። እያንዳንዳቸው 95 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሠልጣኝና አስተማሪ ቢገቡ ከተፈቀደው በ20 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ያን ለማካካስ 28 ሊትር ያህል ነዳጅ መቀነስ አለበት፤ ይህም ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስበርር ነዳጅ ነው።

በዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ጨምሩበት። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላኑ 2,650 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል፤ ማለትም ኮምቦልቻ ቆሞ ሳለ ለሞተሩ ከደሴ በላይ የወጣ ያህል ነው። ባለ 110 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር በዚያ ሁኔታ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። በባሕር ዳርቻ ከተማ ለረጅም አብራሪ «ይበቃል» የተባለ አውሮፕላን በወሎ ተራሮች መካከል ላይበቃ ይችላል። በኮምቦልቻ ሰፊውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ሰፊውን ክፍል ሊሸከም የሚችለውን ሞተርም አብረን መጠየቅ አለብን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ አምስት ልኮች እንውሰድ፦ ከመቀመጫ እስከ አናት፣ ከመቀመጫ እስከ ዓይን፣ ከዳሌ ጀርባ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ተረከዝ እና የትከሻ ስፋት። ቀጥሎ ሰውየው ጫማውን አድርጎ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ በአውሮፕላኑ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱንም ፔዳሎች በየተራ እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ ፍሬኑን ይያዝ፤ ይህን እያደረገ መሪውን ወይም ዘንጉን በአራቱም አቅጣጫ እስከ ወሰኑ ያድርስ። በመጨረሻም ከአስተማሪው ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ይድገመው፤ ብቻውን የተመቸው ሰው ከሌላ ሰው ጋር ላይመቸው ይችላልና። ከእነዚህ አንዱ ካልተሳካ፣ ሰውየው ለበረራ አይሆንም ማለት ሳይሆን ያ አውሮፕላን ለእርሱ አይሆንም ማለት ነው።

ይህን ለመጀመር አውሮፕላን እስኪኖረን መጠበቅ አያስፈልገንም። በካሬ ብረትና በእንጨት፣ ወንበሩና ፔዳሉ የሚንቀሳቀስ የሙከራ ክፍል በወርክሾፓችን ልንሠራ እንችላለን። ባለ ሁለት መቀመጫዋ «ፀሐይ» እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት በአዲስ አበባ ተሠርታ፣ በጣሊያን ወረራ ተወስዳ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች። እርሷን በኩራት የምንመለከት ከሆነ፣ ቀጣዩን የሚሠራው ትውልድ ሥራውን ከራሱ ሕዝብ ልክ እንዲጀምር ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ የእኛ ወጣቶች ልክ ከሌለ፣ ረጅሙ ልጃችን ሌሎች ለሌሎች በለኩት ወንበር ላይ መጨነቁን ይቀጥላል።