ደረሰኙ ላይ ስንት ልጻፍልህ?

ሽቦው ተቆጥሮ፣ ሶኬቱና ብሬከሩ ካርቶን ውስጥ ከገባ በኋላ ባለሱቁ ወደ ሠራተኛው ጠጋ ይልና በዝግታ ይጠይቀዋል፤ «ደረሰኙ ላይ ስንት ልጻፍልህ?»

በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን። ሁሉም ሱቅ አይጠይቅም፤ ሁሉም ሠራተኛም እሺ አይልም። ግን ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ መብራት ዝርጋታ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ቢለኝ የምነግረው ይህችኑ ነው። የብዙ ቤት መብራት መበላሸት የሚጀምረው ከዚያች ባንኮኒ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ሠራተኞች ጠርታችሁ በፖይንት ስንት እንደሚሠሩ ትጠይቃላችሁ፤ ከሦስቱ ዝቅ ያለ የእጅ ዋጋ የጠራውን ትይዛላችሁ። ሰውየው በዚያ ዋጋ ቤተሰብ እንደማያስተዳድር ዋጋውን ሲጠራ ያውቀዋል። የጎደለውን የሚሞላው ከዕቃው ነው፦ ሱቁ ከሚቆርጥለት ኮሚሽን፣ ደረሰኝ ላይ ከሚጨመረው፣ ስድስት ጥቅል ሽቦ ለሚበቃው ቤት ስምንት አስገዝቶ ከሚተርፈው። ይህም ካልበቃው ከሽቦው ውፍረት ይቀንሳል፤ ያን ደግሞ ልስኑ ይሸፍንለታል። ውስጡን ለቄስ እንዲሉ፣ ባለቤቱ የሚያየው የሚያምር ማብሪያ ማጥፊያና የሚበራ አምፖል ብቻ ነው።

ስለዚህ የእጅ ዋጋውን አታሳንሱበት፤ ዕቃውን ግን ራሳችሁ ግዙ። ሠራተኛው የሚያስፈልገውን በወረቀት ይጻፍላችሁ፦ የሽቦው ውፍረት፣ የጥቅሉ ብዛት፣ የእያንዳንዱ ብሬከር አምፔር። ወረቀቱን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አስወጡ። ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ ከዕቃ ገንዘብ ጋር የሚመጣው ሐሜት ስለሚቀርለት እንዲያውም ይቀለዋል። «የማውቀው ሱቅ አለ፣ ገንዘቡን ብቻ ስጡኝ፣ እናንተ አትችሉትም» እያለ የሚያስቸግረውን ግን ሥራ ሳይጀምር እዚያው አመስግናችሁ ሸኙት።

ሱቅ ስትገቡ ሚዛን ጠይቁ። ከምነግራችሁ ሁሉ በነጋዴው ዘንድ በጣም የማይወደደው ይህ ነው። ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ፣ መቶ ሜትሩ፣ መዳቡ ብቻውን ከ2.2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ከነልባሱ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 1.5 ደግሞ ከነልባሱ 2 ኪሎ ገደማ ነው። ላዩ ላይ 2.5 የሚል ተጽፎበት ሚዛን ላይ 2 ኪሎ የሚሆን ጥቅል ካጋጠማችሁ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ ሜትሩ ጎድሏል፣ ወይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መልሱለት። ቀጭን ሽቦ በመጀመሪያው ቀን መብራት አይከለክላችሁም፤ ጉዱ የሚወጣው ምጣዱ በተጣደ ቀን ነው።

ስለ ምጣድ ቆም ብለን እንነጋገር፤ በእኛ አገር ቤት ከምጣድ የሚበልጥ የኤሌክትሪክ ጭነት ብዙ የለም። የተለመደው የእንጀራ ምጣድ 3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16፣ 18 አምፔር ማለት ነው። ከብሬከሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ምጣዱ ብቻ የሚሄድ ባለ 4 ሽቦ ይፈልጋል። ሽምብጥ አካባቢ አንዲት እናት ቤት የኩሽናው ግድግዳ እየሞቀ አስቸግሯቸው ተጠርቼ ነበር። ሳጥኑን ስከፍት የኩሽናው ብሬከር ባለ 32 ነው፤ ከሥሩ የወጣው ሽቦ ባለ 2.5።

«እትዬ፣ ይህን ብሬከር ማን ቀየረው?»

«ያ ልጅ ነው እንጂ። እንጀራ ስንጋግር እየወረደ ሲያስቸግረን ትልቁን አደረገልን። ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም፣ ተመስገን።»

ሶኬቱን ነቀልሁት። የሽቦው ልባስ ጠቁሮ፣ በጣቴ ስይዘው እየተፈረፈረ ወደቀ። ምጣዱና የሻወሩ ቦይለር በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። ትንሹ ብሬከር እየወረደ ሲጮህላቸው የነበረው እሳት እንዳይነሳ ነው፤ ያ ልጅ ያን ጠባቂ አንስቶ ቤቱን ያለ ጠባቂ አስቀረው። ሽቦውን ሳይቀይር ብሬከር የሚያሳድግ ሰው፣ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፣ ምንም ያህል ቶሎ ቢመጣላችሁ፣ ሁለተኛ አትጥሩት።

ከዚህ የተነሳ እኔ ሰውን የምለካበት መንገድ አለኝ። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ምን ይጠይቃል? ምጣዱ የት ይቀመጣል፣ ቦይለር ታስገባላችሁ ወይ፣ የውኃ ዲናሞ አለ ወይ፣ ወደፊት ሰርቪስ ትጨምራላችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የሚሠራውን ያውቃል። ክፍሉን በዓይኑ ቆጥሮ ወዲያው ዋጋ የሚጠራው ግን አምፖል ለማብራት ነው የመጣው። በተለይ ፔዳና ፖሊ አካባቢ ለተማሪ የሚከራዩ ሰርቪሶች ያሏችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። አንድ ቆጣሪ፣ ስድስት ክፍል፣ በየክፍሉ ምድጃ፤ ከቆጣሪው የሚነሳው ዋና ኬብል ግን ባለቤቱ ብቻውን ይኖር በነበረበት ጊዜ የተዘረጋው ነው። ክፍል ሲጨመር ዋናው ኬብል ካልተቀየረ፣ አዲሱ ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ወደሚደበቀው ልምጣ። ኧርዝ። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ሁሉ ኧርዝ ያለው ይመስላችኋል፤ አንዱን አስከፍቱና እዩት። ብዙ ቤት ውስጥ ሦስተኛው ጫፍ ባዶ ነው። የባሰም አለ፦ አንዳንዱ እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ሲለካ ደኅና ይመስላል። ኒውትራሉ በላላ ቀን ግን የፍሪጁ ቆርቆሮ፣ የልብስ ማጠቢያው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ የሚነካውም ብዙ ጊዜ ባዶ እግሩን ያለ ልጅ ነው።

ጣና ዳር ያለው አፈር እርጥበት ስለማያጣ ለኧርዝ የተመቸ ነው። ከተማችን ግን ያረፈችው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ብዙ ሰፈር ውስጥ መሬት ውስጥ የሚመታው የኧርዝ ዘንግ ጥቂት እንደወረደ ድንጋይ ያገኛል። ያን ጊዜ ነው ሰው የሚለየው። አንዱ የተረፈውን በግራይንደር ቆርጦ አፈር ያለብሰዋል፤ ላዩን ስታዩት አንድ ሜትር ተኩል የወረደ ይመስላል። ሌላው ቦታ ይቀይራል፣ ወይም ጉድጓድ አስቆፍሮ በከሰልና በጨው ይቀብረዋል። ዘንጉ ሲመታ ቆማችሁ እዩ። ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁ ብትቀሩም አያስቆጭም። ለመታጠቢያ ቤትና ለውኃ ዲናሞ ደግሞ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ሊኬጅ ብሬከር አስገቡ፤ ሰው ሲያዝ በቅጽበት የሚያላቅቀው እሱ ነው፤ ተራው ብሬከር ያን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1964 የጢስ አባይ የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ መብራት ያልተለየው የቆየ ቤት የምትገዙ ካላችሁ፣ ኧርዝ የሌለው፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ግድግዳው ላይ ተሰትሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለእንዲህ ያለ ቤት ቁራጭ ጥገና ብር ማባከን ነው፤ ሙሉ ዝርጋታውን መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ከልስን በፊት ያለው ቀን የእናንተ ነው፤ ለማንም አትስጡት። ስልካችሁን ይዛችሁ ገብታችሁ ግድግዳውን ሁሉ ፎቶ አንሱ፤ ቱቦው የት እንደሚያልፍ፣ ሳጥኑ የት እንዳለ ይታይ። ሽቦ የሚቀጠለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። መሐል ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተጠቅልሎ የተቀጠለ ካያችሁ ያስወጣው። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ያን ቅጥያ የሚያገኘው የለም፤ ክረምት ሲገባና ግድግዳው ሲረጥብ ራሱ ይናገራል።

ክፍያውንም ከፋፍሉት። ቱቦው ሲቀበር የተወሰነ፣ ሽቦው ሲሳብ የተወሰነ፣ ቀሪው ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ በርቶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ዲናሞው ተነስቶ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ፣ ሶኬቱ ሳይሞቅ ሲቆይ። ተቆራርጦ የተረፈውን ሽቦም ተረከቡ፤ የእናንተ ገንዘብ ነው።

አንድ ወሰን ደግሞ አለ። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ ነው፤ ቆጣሪውና ከሱ ወዲያ ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። «እሽጉን ፈትቼ ቢል አሳንስላችኋለሁ» የሚል ሰው ከመጣ፣ እናንተንም ነገ እንደዚያው እንደሚሸጣችሁ እወቁ። መብራት በራሱ ጊዜ እየደመቀና እየደበዘዘ ካስቸገረ፣ የናንተ ሲደምቅ የጎረቤት ከደበዘዘ፣ የመንገዱ ኒውትራል ሳይላላ አይቀርም፤ በዚያ ጊዜ ወደ ቤታችሁ ከ220 በላይ፣ እስከ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊገባ ይችላል። ዋናውን ብሬከር አውርዳችሁ 905 ደውሉ። ሠፈር ውስጥ ያለ ሠራተኛ ምሰሶ ላይ እንዲወጣ አትለምኑት፤ እሺ ብሎ የሞተ አለ።

ሰውየውን ከየት ላግኘው ትሉኝ ይሆናል። ደላላና የሱቅ ደጅ የመጨረሻ ይሁኑ። ቤቱ ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበትን ጎረቤት ጠይቁ። ለሳኙንና የቧንቧ ሠራተኛውንም ጠይቁ፤ ከልስኑ በፊት የማን ሥራ ንጹሕ እንደነበር ያዩት እነሱ ናቸው። የሙያ ብቃት ምዘና (የሲኦሲ) ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው በደስታ ያወጣዋል። ፎቅ ወይም ሆቴል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የብቃት ማረጋገጫ ካለው ተቋራጭ ጋር ብቻ ተዋዋሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አለ። የእጅ ዋጋው ከሌላው ከፍ ይላል፤ ዕቃው፣ ጥገናውና የተቃጠለው ቴሌቪዥን ሲደመር ግን ከሁሉም የሚረክሰው እሱ ነው። ስታገኙት ዋጋውን ሳታጉላሉ ክፈሉት፣ ስልኩንም ለጎረቤታችሁ ስጡ። እሱ ሱቅ ደጅ ቆሞ ሥራ አይለምንም፤ እንጀራው በእናንተ ምስክርነት ላይ ነው።