ባልዲ የያዘው ድብ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1942 ምሽት አሜሪካውያን ሬዲዮ ከበው የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ንግግር ያዳምጡ ነበር። በዚያው ምሽት አንድ የጃፓን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ብቅ ብሎ ሳንታ ባርባራ አጠገብ ያለ የነዳጅ ማውጫ ላይ መድፍ ተኮሰ። የደረሰው ጉዳት ኢምንት ነበር፤ ድንጋጤው ግን አላባራም። ሎስ ፓድሬስ የሚባለው ሰፊ ደን ከዚያ ሩቅ አይደለም። እሳት ማጥፋት የለመዱት ጎልማሶች ደግሞ ዘምተዋል። ሰደድ እሳት ቢነሳ ማን ይደርሳል?

የአገሪቱ የደን አገልግሎት ሰዎች ሲያወጡ ሲያወርዱ ጠላታቸው ባሕር ላይ ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው። ደን የሚያነደው ብዙውን ጊዜ የገዛ ወገናቸው ነበር፤ ሳያጠፋ የሚወረውረው ክብሪት፣ ውኃ ሳይደፋበት ትቶት የሚሄደው ፍም። ታዲያ ይህን ሰው ምን ቢሉት ይሰማል?

መጀመሪያ አስፈራሩት። ከማስታወቂያ ባለሙያዎች ጋር ባሳተሙት ፖስተር ላይ ሂትለርና የጃፓኑ ቶጆ ከሚነድ ደን ጀርባ ያፈጥጣሉ፤ ቸልተኝነትህ የጠላት መሣሪያ ነው ይላል ጽሑፉ። ነገሩ እውነት ነበር። ግን ጦርነቱ ሲያበቃ የሚያስፈራው ፊትም አብሮ ያበቃል።

በ1944 በር ተከፈተላቸው። ዋልት ዲዝኒ የፊልሙን የአጋዘን ግልገል፣ ባምቢን፣ ለፖስተር አዋሳቸው። ሰው ወደደው። ከሂትለር ፍጥጫ ይልቅ መሸሻ ያጣ ግልገል ልብ እንደሚያራራ ያን ጊዜ ታወቀ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ይመስለኛል። ችግሩ፣ ውሰቱ ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር።

የራሳቸው እንስሳ አስፈለጋቸው። ኦገስት 9 ቀን 1944 ድብ እንዲሆን ተወሰነ፤ ስሙም ስሞኪ ተባለ። ሠዓሊው አልበርት ስቴህል ሱሪ አስታጥቆ፣ የደን ጠባቂ ባርኔጣ አድርጎለት፣ በባልዲ ውኃ ፍም ላይ ሲያፈስ ሣለው። በ1947 ደግሞ የደን ቃጠሎን መከላከል የምትችለው አንተ ብቻ ነህ የሚለው መልእክት መጣ። ለሕዝብ በጅምላ መናገር ቀርቶ አንዱን ሰው ለይቶ አንተ ማለት ተጀመረ። ድቡ ግን ገና የወረቀት ድብ ነበር።

በ1950 ጸደይ በኒው ሜክሲኮ የካፒታን ተራሮች ተቀጣጠሉ። እሳት አጥፊዎቹ አንዲት ደቦል ብቻዋን ስትንከራተት መታየቷን ሰሙ። እናቷ ትመጣ ይሆናል ብለው ተዉአት። ወዲያው ነፋሱ እሳቱን አዙሮ መልሶ አመጣባቸው። ከእነሱ የተወሰኑት ድንጋያማ ናዳ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነፍሳቸውን አተረፉ። ደቦሏስ?

እሳቱ ሲያልፍ ከሰል የመሰለ ዛፍ ላይ ተጣብቃ ተገኘች። መዳፎቿና የኋላ እግሮቿ ተቃጥለዋል። ወንድ መሆኑ የታወቀው ያ ደቦል ሬይ ቤል በሚባል የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ትንሽ አውሮፕላን ወደ ሳንታ ፌ ተወሰደ። እዚያ ቁስሉ ታጠበ፣ በፋሻ ተጠቀለለ። ቤል ቤቱ ወስዶ ከቤተሰቡ ጋር አስታመመው፤ ዳነም። ስሞኪ ተብሎ ዋሽንግተን ብሔራዊ የእንስሳት መጠበቂያ ገባ።

የልጆች ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። ከብዛቱ የተነሣ በ1964 ፖስታ ቤቱ ለድቡ የራሱን የፖስታ ቁጥር ሰጠው፤ 20252። በ1976 ሲሞት አስከሬኑ ወደ ኒው ሜክሲኮ ተመልሶ፣ በተገኘበት አካባቢ፣ ካፒታን በምትባለው ትንሽ ከተማ ተቀበረ።