ኮካፑ፦ ማበጠሪያ የማይለየው የቤት ውሻ

ኮካፑ ከሁለት የአደን ውሾች የተገኘ ድቅል ነው። በአንድ ወገን ኮከር ስፓንየል አለ፤ እንግሊዞች ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቁ ወፎችን እንዲያስነሳላቸው ያራቡት ጆሮ ረጅም ውሻ። በሌላው ወገን ፑድል አለ፤ ዛሬ በውድድር መድረክ ላይ ተውቦ ቢታይም፣ ድሮ ተመትተው ውሃ ላይ የወደቁ ዳክዬዎችን ዋኝቶ የሚያመጣ ሠራተኛ ነበር። ያ የሚታወቅበት የፀጉር አቆራረጥ እንኳ ከሥራው የመጣ ነው፦ ሲዋኝ እንዳይከብደው አብዛኛው ገላው ይላጫል፤ ብርድ እንዳይጎዳው ደግሞ ደረቱና መገጣጠሚያዎቹ ላይ ፀጉር ይተውለታል።

አሜሪካውያን ሁለቱን ማዳቀል ከጀመሩ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። ለድቅሉ የሚመረጡት ትንንሾቹ የፑድል ዓይነቶች በመሆናቸው ኮካፑ ባብዛኛው ከ5 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል። በወጉ ከተያዘ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ይሁንና ዋናዎቹ የአሜሪካና የእንግሊዝ የውሻ ዝርያ መዝጋቢዎች ራሱን እንደቻለ ዝርያ አልተቀበሉትም። በእርግጥም ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ቡችላዎች ሲያድጉ አንዱ ጥቅልል ፀጉር፣ ሌላው ዞማ ሊያወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የብዙዎቹን ውሾች የፀጉር ዓይነት በዋናነት የሚወስኑት ሦስት ጂኖች መሆናቸውን አሳይቷል። ቡችላው ከእያንዳንዳቸው የትኛውን ቅጂ እንደሚወርስ ግን የዕጣ ጉዳይ ነው።

ሻጮች ኮካፑን የሚያሞግሱት «ፀጉሩ አይረግፍም» እያሉ ነው። ከፑድል የወረሰ ከሆነ እውነትም ምንጣፍና ሶፋ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። «አለርጂ ላለበት ሰው ይስማማል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። አለርጂ የሚቀሰቅሱት ፕሮቲኖች በውሻው ምራቅና ከቆዳው በሚረግፈው ብናኝ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ፀጉሩ አለመርገፉ አያጠፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዲትሮይት የሄንሪ ፎርድ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ውሻ ካላቸው 173 ቤቶች አቧራ ሰብስበው መርምረው ነበር። «አለርጂ አያመጡም» የሚባሉት ውሾች ያሉባቸው ቤቶች ከሌሎቹ ያነሰ አለርጂ ቀስቃሽ አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ልጁ አስም ያለበት ቤተሰብ ውሻውን ከመውሰዱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ልጁም ከዚያው ውሻ ጋር ደጋግሞ ቆይቶ ይታይ።

የማይረግፍ ፀጉር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የሞተው ፀጉር ወለል ላይ ካልወደቀ የሚቀረው በሕይወት ካለው ጋር ተጠላልፎ ነው። ከላይ ለስላሳ የሚመስለው ውሻ ከሥር ቆዳውን የሚስብ ቋጠሮ ይይዛል፤ ቋጠሮው ያማል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳውንም ያቆስላል። በተለይ የቡችላነት ፀጉሩ በአዋቂ ፀጉር በሚተካበት በመጀመሪያው ዓመት አካባቢ ትብትቡ ይብሳል። መፍትሔው ፀጉሩን እየከፈሉ ከሥሩ፣ ከቆዳው ጀምሮ በብረት ማበጠሪያ ማበጠር ነው፤ ቢቻል በየቀኑ። ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት ሥርና የአንገት ማሰሪያው ከሚያርፍበት ቦታ መጀመር ያዋጣል፤ ቋጠሮ የሚበዛው እዚያ ነው። ከማጠብ በፊት ማበጠርም ግድ ነው፤ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል። ከዚያ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል።

ጆሮውም ትኩረት ይሻል። የተንጠለጠለ፣ ፀጉር የበዛበት ጆሮ አየር ስለማያገኝ ይታመማል። ጭንቅላቱን ደጋግሞ ካራገፈ፣ ጆሮው ከቀላ ወይም ከሸተተ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ጠባዩ የሚወደድ ነው። ሁለቱም ወላጆች አዳኙን እየተከተሉ፣ ትእዛዝ እየጠበቁ የኖሩ ውሾች ዘር ናቸው፤ ልጃቸውም ሰውን ከክፍል ክፍል ይከተላል፣ ቶሎ ይማራል፣ መጫወት አይሰለቸውም። በር ላይ ታስሮ ግቢ እንዲጠብቅ የሚፈለግ ከሆነ ግን ያለቦታው ነው። ብቻውን ሲውል የሚጮኸው፣ ጫማና በር የሚያኝከው አብዛኛውን ጊዜ በጭንቀት ነው፤ መቅጣት ጭንቀቱን ያብሳል። ከቡችላነቱ ጀምሮ ለደቂቃዎች፣ ቀስ በቀስም ለረዘመ ጊዜ ብቻውን መቆየትን መልመድ አለበት።

በሐበሻ ቤት ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው ምግቡ ነው። የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል። ሰባት ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ጥቂቱ ብዙ ነው። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብና ዛይሊቶል ያለበት ማስቲካም ይመርዙታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ሊበሳ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ የትም አገር ቢኖር ለነገ የሚባል አይደለም።

ድቅል ስለሆነ በሽታ አይደፍረውም የሚለው እምነት በማስረጃ አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደኑ ሮያል ቬተርናሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ኮካፑን ጨምሮ የፑድል ድቅሎችን ከወላጅ ዝርያዎቻቸው ጋር አነጻጽረው ነበር፤ በአብዛኞቹ በሽታዎች ልዩነት አላገኙም። ፑድልም ኮከርም ቀስ በቀስ የሚያሳውር አንድ ዓይነት የዓይን ሕመም ጂን ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ወላጆች ካላቸው ቡችላው ሊታወር ይችላል። በምርመራ የሚታወቅ ነገር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ነጋዴ ራሱ ያላራባውን፣ ስድስት ወር ያልሞላውን ቡችላ መሸጥ አይችልም፤ አርቢውም ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማሳየት አለበት። ሕጉ በሌለበት አገር ያለ ገዢም ይህንኑ ይጠይቅ፦ እናቲቱን ከነቡችሎቿ ልይ፣ የሁለቱንም ወላጆች የዓይን ጂን ምርመራ ወረቀት አሳዩኝ ይበል። ሻጩ እምቢ ካለ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።