ጎጆ መውጣት በአራት ጎማ!

አከራይዋ «ኪራይ ጨምሬያለሁ» ሲሉት ልጁ አልተከራከረም። ፍራሹን፣ ሁለት ብርድ ልብሱን፣ አንድ ድስትና አንድ ፌስታል ልብሱን አሮጌ ሚኒባሱ ውስጥ ከተተና ደብረ ታቦር ከሚገኝ ዘበኛ ያለው የመኪና ማደሪያ ግቢ ገባ። «ለአንድ ሳምንት ነው» ብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ኖረበት!

ኧረ እንዴት ሆኖ? ትሉ ይሆናል። ጊዜው 2010 ዓ.ም ግድም ነው። ልጁ ከጉና ግርጌ ድንች ጭኖ ወደ ወረታ ይወርዳል፣ ሲመለስ የፎገራ ሩዝ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ከወሩ ግማሹን የሚያድረው መንገድ ላይ ነው። «ለማልተኛበት ክፍል ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ፈረንጆቹ ለዚህ ኑሮ ስም አውጥተውለታል፤ «ቫን ላይፍ» ይሉታል። ፎልስቫገን ኮምቢ ከተሠራበት ከ1950 እ.ኤ.አ. ወዲህ መኪና ውስጥ አልጋና ምድጃ ገጥሞ መዞር የወጣቶች ምኞት ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ በየስልካችን የምናየው ባሕር ዳርቻ የቆመ፣ ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት መኪና ነው። ግን ሁሉም ፈልጎ አይገባበትም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኦስካር ያሸነፈው «ኖማድላንድ» የተሰኘው ፊልም የሚያሳየው ሥራና ቤት አጥተው መኪና ውስጥ የሚያድሩ አሜሪካውያንን ነው።

እኛስ? ስሙን አናውቀው እንጂ ኑሮውን እናውቀዋለን። የከባድ መኪና ሾፌር ከጋቢናው ኋላ ይተኛል፤ የታክሲ ረዳት ወንበር ላይ ተጠቅልሎ መኪና ይጠብቃል። የጉና ሰውማ ጓዙን ተሸክሞ የሚዞር ከተማ በዓይኑ አይቷል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ነበር።

መጀመሪያ ኑሩበት፣ ከዚያ ሥሩት

ልጁ ገንዘብ ስላልነበረው መኪናውን በአንዴ «ቤት» አላደረገውም። ይህ ደግሞ ጠቀመው። የመጀመሪያውን ወር ወለሉ ላይ ሰሌን፣ ከሰሌኑ በላይ ፍራሽ፣ ከላይ የበግ ጸጉር ባና ደርቦ ተኛ። በዚያ ወር የትኛው ቦታ እንደሚያንጠባጥብ፣ ብርዱ ከየት እንደሚገባ፣ ጭንቅላቱ የት እንደሚጋጭ ተማረ። ብርዱ ከወለል እንደሚመጣም ያን ጊዜ ነው የገባው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ቆርቆሮ ውርጭን አያቆምም!

በሁለተኛው ወር ወለሉን ስፖንጅ አስነጥፎ በጣውላ አለበሰው። በአራተኛው ወር ከኮምፖርሳቶ ሣጥን አሠርቶ አልጋውን በላዩ ላይ አደረገ፤ ድስቱም ልብሱም ከሥር ገቡ። ጭነት ሲኖር አልጋው ታጥፎ ወደ ግድግዳው ይነሣል። ሁሉንም በብሎን አሰረው። ለምን ቢሉ፣ ውኃ የሞላ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ጄሪካን የሾፌሩን ማጅራት ነው የሚያገኘው።

ያቺ ሌሊት

ኅዳር ውስጥ ነው። ክምር ድንጋይ ላይ መሸባቸው፤ እሱና ረዳቱ። ሻይ ያፈሉበት ከሰል ገና ቀይ ነው። «ፍም እኮ ነው፤ ጭስ የለውም» ተባባሉና ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገቡ። መስታወቱን ዘጉ፤ ክፍተቱን በጨርቅ ወተፉ። ሞቃቸው፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሌሊት ረዳቱን ሽንት ቀሰቀሰው። ራሱን ይፈልጠዋል፤ ሊቆም ሲል ጉልበቱ ከዳው። እየተንፏቀቀ የበሩን እጀታ ይዞ ጎተተ። በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ፤ ሁለቱም የዳኑት በዚያ ነው። ያ ሽንት ባይመጣ ኖሮ ይህን ታሪክ የሚነግረን ሰው አይኖርም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ገዳዩ የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ያመጣና ያስተኛል። በደንብ የፋመ ከሰልም፣ አመድ የለበሰ ፍምም ያወጣዋል። መስኮት ትንሽ ከፍቼ ልግጠመው ማለትም ዋስትና አይሆንም። ቡታጋዝም እንዲሁ ነው፤ አይተኛበትም። ማርሚታው የሚያፈስ መኪና ሞተር አስነሥቶ እየሞቁ መተኛትም ከዚሁ ይቆጠራል። አንድ ሰው በዚህ ከተጎዳ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ አትጋቱ።

በነጋታው ልጁ መደርደሪያ ሊያሠራ የያዘውን ገንዘብ መተንፈሻ አሠራበት። የኋላው መስታወት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ሆኖ እንዲቀር፣ ከውጭ የላሜራ ዝናብ መከለያ አስበየደለት። ከፊት በኩልም ሌላ ክፍት ቦታ ተወ። በየጠዋቱ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃም ቀነሰ፤ ለካ የገዛ ትንፋሻቸው ነበር! ምግብ ከዚያ ወዲህ በሩን ከፍቶ ደጅ ሆነ የሚያበስለው። ለብርዱ? ሌላ ባና ጨመረ፤ የፈላ ውኃ በፕላስቲክ ጎማ ሞልቶ እግሩ ሥር አደረገ። ለመብራት ለብቻው ባትሪና ፊውዝ አስገባ፤ ጠዋት ሞተር እንቢ እንዳይለው።

እጮኛውስ?

የልጅቷ ቤተሰቦች «መኪና ውስጥ ለሚያድር ልጅ አንሰጥም» ብለው ነበር። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ቤት አልነበረም። «ሌሊት ብትታመም ማን ያያል?» ነው ያለችው። ልጁ ሒሳቡን ሲያሰላ የረሳው ይህንን ነበር። ቤት ማለት ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ደጁን የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው። ስለዚህ በሁለት ዓመቱ ከኪራይ ባተረፈው ብር አንድ ክፍል ተከራዩና ተጋቡ። መኪናዋ ግን አልተሸጠችም፤ የመንገድ ሌሊቶች አሁንም የእሷ ናቸው።

እናንተም ካማራችሁ ምክራችን አጭር ነው። ወንበር ከመንቀላችሁ በፊት የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፤ ለውጡ ሊብሬ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ በዓመታዊ ምርመራ ጣጣ ያመጣል። የምታድሩት አጥርና ዘበኛ ያለው ግቢ ይሁን፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በየመንገዱ ዳር ቆሞ ማደር የሚመከር አይደለም። የት እንደምታድሩ ለአንድ ሰው በየማታው ንገሩ። አልጋው፣ መደርደሪያው፣ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይደርሳል። መተንፈሻው ግን ዛሬ ይሠራ።