ለጀማሪዎች የሚሆን ባለጎማ ሮቦትና የመንገድ መምሪያ ሴንሰሮቹ አመራረጥ

ለትምህርት ቤት ባለጎማ ሮቦት በሚገዛበት ጊዜ በቅድሚያ የሚነሡት ጥያቄዎች ዋጋው ስንት እንደሆነና አካባቢውን የሚያስተውልባቸው ክፍሎች፣ ማለትም ሴንሰሮቹ፣ ስንት እንደሆኑ የሚመለከቱ ናቸው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም ለትምህርት ሥራ ብቻቸውን በቂ አይደሉም። የማስተማሪያ መሣሪያ የሚመዘነው ተማሪው በእርሱ አማካይነት ሊመረምረው፣ ሊለካውና ሊያርመው በሚችለው ነገር ነው። ሁሉን ነገር በራሱ ፈጽሞ የሚያሳይ ሮቦት ተማሪውን ተመልካች ያደርገዋል፤ ስሕተቱ የሚታይና የሚለካ ሮቦት ግን መርማሪ ያደርገዋል። የምርጫው መመሪያም ይኸው ሊሆን ይገባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የነርቭ ሥርዓት ተመራማሪ የነበረው ግሬይ ዋልተር በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 የሠራቸው ባለሦስት ጎማ «ኤሊዎች» የነበሯቸው አንድ የብርሃንና አንድ የንክኪ ሴንሰር ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም ብርሃንን እየተከተሉና ከእንቅፋት እየሸሹ ይጓዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ የሆነው ሲሞር ፓፐርትም፣ በወለል ላይ እየሄደ መንገዱን በብዕር የሚስል ሮቦት ልጆች እያዘዙ ጂኦሜትሪን እንዲማሩ አድርጓል።

ሀ. የሮቦቱ አካል

ለጀማሪ የሚስማማው በሁለት ሞተሮች የሚነዱ ሁለት ጎማዎችና አንድ ደጋፊ ጎማ ያለው ሮቦት ነው፤ እንቅስቃሴውን በቀላል ሒሳብ መግለጽ ይቻላልና። ከዚህ ሌላ አራት ነገሮች ሊረጋገጡ ይገባል። አንደኛ፣ ክፍሎቹ በብሎን የሚፈቱና ሞተሩም ሆነ ጎማው ለብቻው ተገዝቶ የሚተካ መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው እንደ አርዱዊኖ ወይም ማይክሮቢት ያለ በብዛት የሚገኝና ያለ ኢንተርኔት ፕሮግራም ሊጻፍለት የሚችል መሆኑ፤ ሦስተኛ፣ እንደገና የሚሞሉ የተለመዱ ባትሪዎችን የሚቀበል መሆኑ፤ አራተኛ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ብዕር የሚይዝ ቦታ ያለው ወይም ሊሠራለት የሚችል መሆኑ ነው። ምትክ ያልተገኘለት አንድ ሞተር ሮቦቱን በሙሉ ከሣጥን እንዳይወጣ ሊያደርገው እንደሚችል ዕቅድ አውጪዎች ሊገነዘቡት ይገባል።

ለ. የሴንሰሮቹ ቅደም ተከተል

ሴንሰር መመረጥ ያለበት በሚመልሰው ጥያቄ ነው።

1. ምን ያህል ተጓዘ? ይህን የሚመልሰው የጎማ ዙር ቈጣሪ ነው። ዲያሜትሩ 65 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በአንድ ዙር 204 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የቈጣሪው ክብ 20 ቀዳዳዎች ካሉት እያንዳንዱ ቀዳዳ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያመለክታል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 13 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አንደኛው ጎማ ከሌላው በ1 በመቶ ቢበልጥ፣ ሁለቱ እኩል ሲዞሩ ሮቦቱ በ1 ሜትር ጉዞ ከቀጥታው መስመር 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። በ2 ሜትር ጉዞ ግን የሚወጣው 8 ሳይሆን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መዛነፉ አራት እጥፍ ይሆናልና። ብዕሩ ይህን በወረቀት ላይ ያሳያል።

2. ወዴት ዞረ? ጋይሮስኮፕ የመዞርን ፍጥነት ይለካል፤ ፕሮግራሙም ልኩን እየደመረ አቅጣጫውን ያገኛል። ይሁን እንጂ ጥቃቅን ስሕተቶችም አብረው ስለሚደመሩ ውጤቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይዛነፋል። የማግኔት ኮምፓስ ደግሞ በሞተሮቹ ማግኔት ይታወካል።

3. ከፊቱ ምን አለ? ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን የሚጠብቀው የአልትራሳውንድ ሴንሰር ርካሽና ለማስተማር አመቺ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሙቀት ስለሚለወጥ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተስተካከለ ፕሮግራም በ35 ዲግሪ ሙቀት 2 ሜትር የራቀውን ግድግዳ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል አቅርቦ ያነበዋል። በመሆኑም የደጋና የቆላ ትምህርት ቤቶች ልካቸውን ቢያነጻጽሩ ጥሩ የፊዚክስ ትምህርት ያገኛሉ፤ ለልዩነቱ ምክንያቱ የአየሩ ሙቀት እንጂ የቦታው ከፍታ በራሱ አይደለም። ለስላሳ ጨርቅና በሰያፍ የቆመ ግድግዳም ይህን ሴንሰር ያሳስቱታል። የኢንፍራሬድ ሴንሰር በበኩሉ በጠንካራ የፀሐይ ብርሃን ሊታወክ ይችላል።

4. የት ደረሰ? በነጭ ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመርን የሚለይ ሴንሰር ሮቦቱ የታወቀ ቦታ ላይ መድረሱን ያስታውቃል፤ እስከዚያ የተጠራቀመውም ስሕተት በዚያ ይታረማል። በጨረር ዙሪያውን የሚለካው ላይዳር ኃይለኛ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ ለኋላ ይቆይ። የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ በሜትሮች የሚቈጠር ስሕተት ስላለው ለክፍል ውስጥ ሥራ አይሆንም።

ሐ. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ ቈጣሪውንና የመስመር ሴንሰሩን አስቀድሞ፣ አልትራሳውንዱን አስከትሎ፣ ጋይሮስኮፑን ደግሞ የቈጣሪው ጉድለት በተማሪዎች ከታወቀ በኋላ መጨመር ይመረጣል። በጀቱም በአንድ ውድ ሮቦት ላይ ከሚውል ለጥቂት ተማሪዎች አንድ ቀላል ሮቦት በሚያዳርስ መንገድ ቢመደብ፣ ለመለዋወጫ፣ ለባትሪና ለመምህራን ሥልጠናም ድርሻ ቢያዝ ይበጃል። በብዛት ከመግዛት በፊት አንድ ናሙና ተገዝቶ በመምህራን ይፈተን፤ ሮቦቱ በ2 ሜትር ርቀት አሥር ጊዜ ይነዳ፤ የቆመባቸውም ነጥቦች በኖራ ምልክት ይደረግባቸው። ነጥቦቹ ለምን እንደተበታተኑ ክፍሎቹን ፈትቶ ማጥናትና ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ሮቦቱ ለትምህርት ተስማሚ ነው።