ከክርክር የቀደመ ስም

በሰኔ ወር 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሐና ማርያምና በአካባቢው የነበሩ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ሲፈርሱ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት የጠፋ ሲሆን፣ ከሟቾቹ መካከል ፖሊሶችም ነበሩ። ክርክሩን ገና ሳይጀመር ያጠበበው የስም ምርጫ ነው፤ ቤቶቹን «ሕገ ወጥ ግንባታ» ያለ ወገን ስለ ሕግ መከበር ብቻ፣ «የድሃ ጎጆ» ያለውም ስለ ግፍ ብቻ ከመናገር ሌላ መንገድ አልቀረለትም። የከተማው ሕዝብ ግን «ጨረቃ ቤት» የሚል የቆየ ስም አለው፤ ይኸውም ያለ ፈቃድ በሌሊት የተሠራ ቤት ማለት ሲሆን፣ የቤቱን ከሕግ ውጭ መሆንም ሠሪው በቀን የሚሠራበት መንገድ ማጣቱንም አጣምሮ ይይዛል። መነጋገር የሚገባውም ከዚህ ስም ተነሥቶ ነበር፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር፣ የከተማ ቦታም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በሚከፈል ኪራይ፣ በሚተላለፍበት ሥርዓት፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው መጠለያ ከየት ያገኛል?

ደም በፈሰሰ ማግስት ግን «ለምን» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለአጥፊ ጥብቅና የቆመ ይመስላል፤ ምክንያትን መመርመርና ድርጊትን ማጽደቅ እንደ አንድ ነገር ስለሚታዩ፣ ድምፅ ፈላጊ ፖለቲከኛ ጥፋተኛ መሰየሙን ይመርጣል። በኢትዮጵያ ደግሞ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በወቅቱ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ስለያዙ፣ ከዓመት በኋላ ሐና ማርያም ስትታመስ በዚያ ምክር ቤት የተቃዋሚ ድምፅ አልነበረም።

የ1997 ዓ.ም. ታሪክ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በፊት ሕዝቡ በቴሌቪዥን ስለ መሬትና ስለ ፌዴራሊዝም የሚደረገውን የፓርቲዎች ክርክር በጉጉት ሲከታተል ስለነበር፣ ኢትዮጵያውያን መከራከር አይችሉበትም ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል። ከአገር የወጡት ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ፣ አብዛኛው አባል የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነበር ብሎ ወስኖ እንደነበር ሲገልጹ፣ በ1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃውን ተገቢ ብሎታል። ቁጥሩ ታወቀ፤ በፍርዱ ላይ ግን ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው አልተነጋገሩም።

ችግሩ የአዳዲስ ዴሞክራሲዎች ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጎርጎርዮሳውያኑ 1967 ያቋቋሙት የከርነር ኮሚሽን፣ በአገሪቱ ከተሞች የተነሣው ሁከት ከነጮች ዘረኝነትና ከድህነት የመነጨ መሆኑን በዓመቱ በግልጽ ቢጽፍም፣ ፕሬዚዳንቱ ምክሩን ወደ ጎን ትተውታል። ሪፖርቱ ግን ታትሞ በብዙ መቶ ሺህ ቅጂዎች ስለተሸጠ፣ መንግሥት ያልሰማውን ሕዝብ አንብቦታል፤ ይህም ትልቅ ልዩነት ነው።

በአዲስ አበባም ቀጣዩን የማፍረስ ትእዛዝ የሚፈርም ኃላፊ፣ አስቀድሞ ነዋሪውን ሰብስቦ ቦታ በሕጋዊ መንገድ ለማግኘት ምን እንደሞከረና ምን እንደተመለሰለት ይጠይቅ፤ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስፍሮ ለሕዝብ ያውጣ።