ፊደላችንና የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ 6 ኢንች የመጽሐፍ ማንበቢያ ይዞልኝ መጣ። ከቴሌግራም ያጠራቀምኳቸውን የአማርኛ ፒዲኤፎች በሙሉ ገለበጥኩበትና ያን ማታ አንዱን ከፈትኩ። ገጹ ወጣ፤ ፊደሉ ግን ጤፍ አክሏል። ላሰፋው ስል የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ወደ ጎን ስገፋው ያቅማማል። በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ማቅማማቱ እንኳ ተፈጥሮው ነው። የእነዚህ ማንበቢያዎች ስክሪን ኢ-ኢንክ ይባላል። ጥንስሱ ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ኢ-ኢንክ ኩባንያ የተመሠረተው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከመስታወቱ ሥር ውፍረታቸው የፀጉር ያህል የሆነ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንክብሎች ተደርድረዋል። በየእንክብሉ ውስጥ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች በፈሳሽ ውስጥ ይዋኛሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንደኛው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል። አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በቦታቸው ይቆያሉ። ባትሪው ለሳምንታት የሚበቃው ለዚህ ነው፤ መብራት ለሚጠፋበት ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ገጽ በተገፋ ቁጥር ግን ብናኞቹ እንደገና መዋኘት አለባቸው፤ ስለዚህ ዝግ ይላል።

በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው የአማዞን ማንበቢያ፣ ኪንድል፣ በአንድ ኢንች 167 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ዛሬ የተለመደው 300 ነው። ለእኛ ይህ ቁጥር ከሌላው ሰው ይበልጥ ያስፈልገናል፤ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነውና። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ይህችን ቁጥር ይጠይቅ። ባለቀለሞቹን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ቀለሙን የሚያሳዩት በ150 ነጥብ ነው፤ የቀለም ማጣሪያውም ገጹን ያጨልመዋል። ልቦለድ ለሚያነብ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ አያወጣም ባይ ነኝ።

ዋናው ጣጣ ያለው ከፋይሉ ዘንድ ነው። ኢፐብ የሚባለው ዓይነት እንደ ውኃ ነው፤ የተቀዳበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል፤ ፊደሉን ቢያተልቁት መስመሩ ራሱን ያስተካክላል። ፒዲኤፍ ግን እያንዳንዱን ፊደል በቦታው ቸንክሮታል። በኤ4 ወረቀት ላይ በ12 የፊደል መጠን የተጻፈ ገጽ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስክሪን ውስጥ ሲታጨቅ የፊደሉ መጠን ወደ 5 ይወርዳል።

«ታዲያ በካሊበር ወደ ኢፐብ ልቀይረው» የሚል አይጠፋም። ካሊበር ነፃና ድንቅ ፕሮግራም ነው፤ ከአማርኛ ፒዲኤፍ ጋር ግን ብዙ ጊዜ አይግባቡም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የፊደላችንን መልክ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በእነሱ የተጻፈ ፒዲኤፍ ለዓይን ያማረ አማርኛ ነው፤ ሲቀየር ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስካን የተደረገው ደግሞ ከነጭራሹ ፎቶግራፍ ነው፤ ውስጡ ፊደል የለም።

መለያው ቀላል ነው። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍተው አንድ ቃል ይምረጡ። አልመረጥ ካለ ፎቶ ነው። ከተመረጠ ገልብጠው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት፤ ዝብርቅርቅ ከወጣ አሮጌ ፎንት ነው፤ ጥርት ያለ አማርኛ ከወጣ ሊቀየር የሚችል ነው።

ፎቶና አሮጌ ፎንት የሚበዛበት አንባቢ ከ10 ኢንች በታች አይግዛ። ባለ 10.3 ኢንች ስክሪን ከኤ5 ወረቀት ጋር ይቀራረባል፤ በዚያ መጠን የታተመ መጽሐፍ ገጹ ሳይጠብ ይወጣበታል። ውድ ነው፤ ኪስ ካልፈቀደ ተራ ታብሌት ይሻላል፣ ዓይን ቢያደክምም። ከትልልቆቹ መካከል በአንድሮይድ የሚሠሩት እንደ ቡክስ ያሉት ቴሌግራምን ራሱን ይጭናሉ።

ኢፐብ ያለው ሰው በ6 ወይም በ7 ኢንች ይደላዋል። ኮቦ የሚባለው ማንበቢያ ኢፐብን በኬብል ተቀብሎ ይከፍታል። ኪንድል ግን በኬብል የተገለበጠለትን ኢፐብ አይከፍትም፤ በአማዞን የመላኪያ አገልግሎት በኢንተርኔት ማለፍ አለበት። የአማርኛው ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኖ ከወጣ አይደንግጡ፤ ሁለቱም እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ የግዕዝ ፎንት ሲገለበጥላቸው ይቀበላሉ። ከአንዱ መደብር የተገዛ የተቆለፈ መጽሐፍ በሌላው ዕቃ እንደማይከፈትም ልብ ይበሉ።

ያ መሳቢያ ውስጥ የከረመው ማንበቢያ ዛሬ የእህቴ ልጅ እጅ ላይ ነው። የምታነበው የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነው፤ ሁሉም ኢፐብ። እኔን ያስመረረኝ ዕቃ ለእሷ ከስልኳ በላይ ሆኖላታል።